ዳንቴል የጀመርኩበት ሰበብ

ዳንቴል ለምን እንደጀመርኩ ሰው ሲጠይቀኝ እዋሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ውስጥ፣ ከአንድ የወጣቶች ማዕከል ጀርባ ባለች የተውሶ ክፍል ተሰብስበን እንሠራለን። ስምንትም ዘጠኝም ሴቶች እንሆናለን፤ አስተማሪ የሚሉኝ እኔን ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይዞራል፤ አንቺን ምን አነሳሳሽ? አንዷ እርጉዝ ሳለች ሐኪም ከአልጋ እንዳትወርጂ ስላላት ነው የጀመረችው። አንዷ ባሏ እራቱን በልቶ ስልኩ ላይ ሲያቀረቅር እሷም የምታቀረቅርበት ነገር አምሯት ነው። ከዓለም ገና በባጃጅ የሚመጡት ጡረተኛ ነርስ ደግሞ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጥባቸዋል፤ ኪሮሽ፣ ያቺን ጫፏ ቆልመም ያለች የዳንቴል መርፌ ሲይዙ ይተዋቸዋል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "ጭንቀት ይቀንሳል ብለውኝ ነው" እላለሁ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬውም ወደ ክር ቀለም ያልፋል። እውነቱን ብናገር ክፍሉ ይቀዘቅዛል። እኔን ዳንቴል ያስጀመረኝ ፍርሃት ነው። የአንዲት ሴት ፊት ማየት ፈርቼ ነው የጀመርኩት።

ያኔ የምኖረው ቡራዩ ነበር። ከጠዋት እስከ ምሳ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፣ ከምሳ በኋላ ሥራ የለኝም። አከራዬን እትዬ እላቸዋለሁ። ሱሉልታ ተወልደው ያደጉ፣ ባላቸው ከሞቱ የቆየ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅሉ ሴት ናቸው። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ የተከራየሁት ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ያለችውን የልጅቷን ክፍል ነው። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ግን በእሷ አልጋ እተኛለሁ፣ በእሷ መስታወት ፀጉሬን እሠራለሁ። የመስኮቱ ደፍ ላይ የጥፍር ቀለም ስትሞክር የተወቻቸው መስመሮች ነበሩ፤ ቀይ፣ ሮዝ፣ አንዲት ወይን ጠጅ። እትዬ ክፍሉን ሲያከራዩኝ ስለ ውሃም ሆነ ስለ መብራት ያሉኝ ነገር የለም። "ይቺን ብቻ እንዳትፍቂ" ነው ያሉኝ።

እትዬ ዳንቴል ይሠራሉ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቤታቸው ውስጥ ራቁቱን የቆመ ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው ጀርባም ክንዱም ለብሷል፣ የውሃ ጆጉ ዙሪያውን ጨሌ የተንጠለጠለበት ክዳን አለው። ሪሞቱ እንኳ የራሱ ቀሚስ ነበረው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "እትዬ፣ እዚህ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ቢወስደኝ ተለብሼ ነው የምነሳው" እላቸው ነበር። "አንቺን የሚበቃ ክር ከየት ይመጣል" ይሉኛል፤ ወፍራም ነኝ። ላስተምርሽ እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምነውኛል። እኔም "ሳረጅ" እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቄባቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን የያዙት ለልጃቸው የሚሆን የአልጋ ልብስ ነበር። መዳፍ የሚያካክሉ አበባዎች አንድ በአንድ ይሠራሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም እርስ በርስ ይያያዛል። ልጅቷ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ እንዲደርስላት ነው የሚጣደፉት።

አንድ የኅዳር ማክሰኞ የእትዬ ታላቅ ወንድም የማስተምርበት ድረስ መጡ። ሱሉልታ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው። የድርቆሽ ጊዜ ስለነበር ጋቢያቸው ላይ የሣር ፍሬ ተጣብቋል። ሕፃናቱ ወላጆቻቸውን በሚጠብቁበት አጭር አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡና፣ "ልጄ፣ ያቺ ልጅ አርፋለች" አሉኝ።

የቷ ልጅ ብዬ አልጠየቅኩም።

"ታማ ነው አሉ። ከዚያ ሌላ የነገሩን የለም። አስከሬኗን እስክንቀበል እህቴ እንዳትሰማ።"

"እስከ መቼ?"

"ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሳምንትም። ሬሳው ሳይኖር ብንነግራት ምን ላይ ታልቅስ? ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ ሊሆንባት ነው። ደም ብዛትም አለባት። አንቺ ከጎኗ አትጥፊ።"

ይሄ እንግዲህ የእኛ ደግነት ነው። ሰው ልጁ ሞቶበት ሳለ ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይሳቅ እንላለን። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ያኔ ትክክል መስሎኝ እሺ አልኩ። ዛሬም ኦቦ ተሳስተዋል ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ልክ ነበሩ ለማለትም እንደዚያው።

ከኦቦ ጋር ተለያይተን ግቢ ስደርስ እትዬ ሳሎን ተቀምጠው አበባቸውን ይሠራሉ። "ምነው፣ ዛሬ ዘገየሽ?" ብለው ቀና አሉ። ዓይናችን ገጠመ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። መስኮቱ ላይ መጋረጃው ተዘግቷል። ዓይኔን የት ላድርገው? የሚንቀሳቀሰው ነገር እጃቸው ብቻ ነበር። እሱን እያየሁ፣ "እትዬ፣ እስኪ ዳንቴል ያስተምሩኝ" አልኩ።

እጃቸው ቆመ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ውጭ አንድ ባጃጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያጓራ ትዝ ይለኛል። እኔ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ወሰድኩት። ሁለት ዓመት የለመኑት ነገር እሺ ሲባል ሰው ቢደነግጥ ምን ይገርማል። ከዚያ ቅርጫታቸውን ከፍተው ሌላ ኪሮሽ አወጡ፣ ክር ቆርጠው ሰጡኝ፣ "ታኢ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። ጣቶቼን በጣቶቻቸው ይዘው የመጀመሪያዋን ሰንሰለት አሠሩኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ፣ "ነገም እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ፣ ደጅ ላይ ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ። ተገላገልኩ። ከእንግዲህ ከሰዓቱን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የምቀመጥበት ሰበብ አለኝ።

ሁለት ሳምንት የተባለው አምስት ሳምንት ሆነ። አንዱ ወረቀት ሲገኝ ሌላው ይጎድላል፤ ኦቦ በየሦስት ቀኑ ይደውሉና "ትንሽ ቀን ታገሺ" ይሉኛል። ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤታችን ግን ይሄን ሥራ ከእኔ በላይ ትችልበት ነበር። ከሩቅ ሰምቶ ጥቁር ለብሶ የመጣ ዘመድ ሲኖር መንገድ ላይ ይዛ ሱቋ ታስገባዋለች። ሴቶቹን ጥቁር ነጠላቸውን ታስወልቅና የራሷን ባለአበባ ሻርፕ ታለብሳቸዋለች፤ "ለጥየቃ ነው የመጣችሁት፣ ሌላ የምታውቁት የለም" ብላ አስጠንቅቃ ትልካቸዋለች። አንዷን ብርቱካናማ ሻርፕ በሦስት የተለያዩ አክስቶች ራስ ላይ አይቻታለሁ። እትዬ በደንብ ተቀብለው ያስተናግዷቸዋል። "ዘንድሮስ ናፈቅኳችሁ" ከማለት በስተቀር ያሉት ነገር የለም።

ከእነዚያ አክስቶች አንዷ መቻል አቃታት። ሻይ እየጠጣች፣ የተጋጠሙትን አበባዎች እያየች ሳለ በድንገት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንባዋ ብርጭቆው ውስጥ ገባ። እኔ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ "ጥርሷን ነው፣ ስትገባም እያመማት ነበር" አልኩ። አክስቲቱም ጉንጯን ያዘች። እትዬ አይተዋት ተነሱ፣ ወደ ጓዳ ገቡ፣ ቅርንፉድ ይዘው ተመለሱ። አፏን አስከፍተው እንደ ሕፃን መንጋጋዋ ላይ አደረጉላት። "ንከሺው" አሏት። "ይተውሻል።" አክስቲቱ ቅርንፉዷን ነክሳ ጤነኛ ጥርሷን ይዛ አለቀሰች፣ እትዬም ጀርባዋን እያሹ አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አምስት ጊዜ ጠምጥሜ አምስት ጊዜ ስህተት ሠርቻለሁ።

በአምስት ሳምንት አንዲት አበባ እንኳ አልጨረስኩም። ሁለተኛው ዙር ላይ ስደርስ እትዬ ይቀበሉኛል፣ ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል፣ "ሂኪ" ይላሉ። ፍቺው ማለታቸው ነው። "ክሩን አነቅሽው። ክር አይታነቅም። እጅሽን ልቀቂው።" እፈታለሁ። ያ ክር ተፈትቶ፣ ተሠርቶ፣ ተፈትቶ ከመጨማደዱ የተነሳ የተፈታ ሹሩባ መሰለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ስንት ነገር እመልስ ነበር። ያኔ ግን ፍቺው ባሉኝ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ እንደገና እስክጀምር፣ እስክቆጥር ድረስ ቀና ማለት የለብኝማ።

ከሁሉም የከፋው ስልኩ ነበር። ልጅቷ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው። እሑዶቹ ዝም ብለው ማለፍ ሲጀምሩ እትዬ ስልካቸውን ለእኔ ይሰጡኝ ጀመር። "አንቺ አንሺው፣ ጆሮዬ ከብዷል" ይላሉ። ሲጠራ ይዤ እየሮጥኩ ደጅ እወጣለሁ፤ ስመለስ ማን ነው የደወለው አይሉኝም። "እሷስ ምነው ጠፋች?" ያሉኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

"ኔትወርክ ይሆናል" አልኩ። "ወይ አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ እትዬ።

ልጅቷ ከመሞቷ በፊት የላከችው የድምፅ መልእክት ነበር። እትዬ እንዴት እንደሚከፈት አያውቁም። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት አካባቢ ሥራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና "እስኪ አሰሚኝ" ይሉኛል። እጫነዋለሁ። የሞተችው ልጅ ሳሎኑ መሃል ትናገራለች። "እማ፣ ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ብጤ ነው። ስሚኝማ፣ የአልጋ ልብሱን ነጭ እንዳታደርጊው፣ ነጭ ቶሎ ነው የሚቆሽሸው። ክሬም አድርጊው። እሺ በይኝ።" ከዚያ ትንሽ ዝም ትላለች፣ ከኋላዋ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። "እሺ በይኝ እንጂ" ትላለች እንደገና፣ እየሳቀች። እዚያ ላይ ያበቃል። እትዬ ድምፃቸውን አውጥተው "እሺ" ይላሉ። "ድገሚልኝ" ይሉኛል። እደግምላቸዋለሁ። "እሺ" ይላሉ።

ድምጿ ተከትሎኝ ክፍሌ ገባ። ክፍሉ የእሷ ነው፣ ማን ይከለክላታል። ፊቴን ስታጠብ፣ ሕፃናቱን ሳሰልፍ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ እሺ በይኝ ትለኛለች። ቁጣ የለባትም፣ ያው በሳቋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ "እሺ" ብዬ መለስኩላት፤ ያውም ጮክ ብዬ። የራሴን ድምፅ ስሰማ አንሶላውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ወጣሁና ባለሱቋ ጋ ሄድኩ። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝ፣ እስክረጋጋ ድረስ ያልተመለሱላትን ሻርፖች ቁጥር ስትነግረኝ ቆየች።

አስከሬኗ የመጣው አንድ ዓርብ ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል ዘመዱ፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ኦቦ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ተከፈተ። እትዬ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን አስረዋል። የሰዉን ብዛት አዩ፣ አንድ በአንድ አዩን፣ እኔ ላይ ሲደርሱ ጫማዬን አየሁ። ኦቦ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረታቸውን ሲደቁ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ያ ክር የማይታነቅበት እጅ እንዴት አድርጎ እንደጨበጠኝ አልረሳውም። ከኋላዬ አንዷ "ጠርጥራ ነበር መሰለኝ" ስትል ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የተሰማኝን ልናገር። እፎይታ ነው የተሰማኝ። ከቀብር ስንመለስ ኦቦ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና "ገለቶሚ፣ ልጄ፣ ተባረኪ። ልቧን ጠብቀሽ አቆየሽልን" አሉኝ። ኮራሁ። ለረጅም ጊዜ ኮርቼበት ኖርኩ።

እትዬ ዓመቱን አውጥተው ቤቱን አከራዩና ሱሉልታ ወንድማቸው ጋ ገቡ። እኔም ሰበታ ሥራ አገኘሁ። ዳንቴሉ ግን አልተወኝም። ስብሰባ ላይ፣ የሐኪም ወረፋ ላይ፣ ሰው ክፉ ነገር ሊነግረኝ ሲያመቻች ኪሮሼን አወጣለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጎበዝ ሆንኩ፣ ሰውም አስተምሪን አለኝ። ኩራቱ ግን ከዓመት ዓመት እየጎመዘዘ ሄደ። አምስት ሳምንት ሙሉ እናት ፊት ተቀምጬ ዋሽቻለሁ፤ ይሄ ምኑ ያኮራል? እትዬን በበዓል በስልክ እንኳን አደረሰዎ እላለሁ እንጂ ሄጄ አላየኋቸውም።

ባለፈው ጥር ቆርጬ ሱሉልታ ሄድኩ። እትዬ ከድርቆሹ ክምር ጥግ፣ ነፋስ ከማያገኘው በኩል፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሞ ዳንቴሉን ትተውታል። ኮቴዬን ሰምተው "ማነው?" አሉ፤ ድምፄን ሲሰሙ "አከም ጂርታ፣ አንቺ ወፍራም" ብለው አቀፉኝ። የሠራሁትን የጠረጴዛ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ሄዱበት።

"እጅሽ ላልቷል" አሉ። "አሁን ጥሩ ነው።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"የምን ይቅርታ?"

"ያኔ እያወቅኩ ስዋሽዎት ነበር። ኔትወርክ ነው እያልኩ።"

"አውቅ ነበር እኮ" አሉ፣ ጣታቸውን ከዳንቴሉ ሳያነሱ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ብርቱካናማ ሻርፕ ነው። "በሻርፖቹ ነው ያወቁት?" አልኳቸው። ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። "ሻርፖቹማ በኋላ ነው የመጡት። እኔ ያወቅኩት አስተምሩኝ ያልሽኝ ቀን ነው።"

"እንዴት?" አልኩ።

"ሁለት ዓመት ለምኜሽ እምቢ ያልሽ ልጅ" አሉ እትዬ፣ "ገብተሽ ሳትቀመጪ፣ ዓይንሽን እጄ ላይ ተክለሽ አስተምሩኝ አልሽ። ሰው እንዲያ አድርጎ ዳንቴል አይጀምርም። ያንን ክር ስቆርጥልሽ፣ ልጄ የለችም ብዬ ነው የቆረጥኩልሽ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?"

"ምን ብዬ? ብትዋሺኝ ለምን አስዋሽሻለሁ? ባትዋሺኝ ደግሞ መርዶ ሆነ ማለት ነው። መርዶ ከሆነ ሰዉ ይገባል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የአገር ለቅሶ ትሆናለች። አልቅሺ ሲሉኝ ላለቅስ፣ በቃሽ ሲሉኝ ላቆም ነው። ትንሽ ቀን የእኔ ብቻ ትሁን አልኩ።" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። "ድምጿን የሚከፍትልኝ ደግሞ ካንቺ በቀር ማን ነበረኝ? አበባሽን ከጨረስሽ አትመጪም ብዬ ፈራሁ።"

"ሲያስፈቱኝ የነበረው ለዚያ ነው?"

"በሁለተኛው ቀን እኮ ደህና አድርገሽ ሠርተሽ ነበር" አሉ እትዬ።

ሳይመሽብኝ ተነሳሁ። ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፣ ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፋል፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዶሮ ታቅፋለች። ኪሮሼ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ላወጣው አልቻልኩም። ያንን ሁሉ ዓመት መርዶውን የነገሩት ኦቦ ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት። እኔ የጠበቅኩ፣ ያቆየሁ፣ የተመሰገንኩ ሰው ነበርኩ። ለካ እትዬን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ቤታቸው ገብቼ ልጅዎ ሞታለች ብያቸው፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ፣ ነገም እመጣለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።